የዱርሲቱን ድምፅ ፎቶ ላነሳ አሰላ ሄጄ

ከአዳማ አሰላ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ሰባት ዓመት አለፈኝ። መንገድ ጠልቼ አይደለም። ልጆቼ እንደሚሉት እኔን ቤት ማግኘት ዕድል ነው፤ ሐዋሳም ድሬዳዋም ዞሬያለሁ። አሰላ ግን ትዳር የያዝኩባት፣ ልጆቼን የወለድኩባት ከተማ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ልገባባት ፈራሁ።

ሄጄ ስመለስ ለዕድሬ ሴቶች በአፌ ብነግራቸው፣ "ጻፊውና እናንብበው፤ እኛ የት እንሄዳለን ብለሽ ነው" አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የተሳሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡልኝ።

የጠራችኝ ዱርሲቱ ናት። በወጣትነታችን አሰላ ላይ ጎረቤቴ ነበረች፤ የከተማው ኪነት ቡድን ዘፋኝም ነበረች። አንድ ቀን ደወለችና፣

"ወርቄ፣ አንገቴ ላይ ያለውን እንቅርት ሊያወጡልኝ ነው" አለችኝ።

"እሰይ፣ ተገላገልሽ።"

"እገላገላለሁ። ግን ሐኪሙ የድምፅሽ ጅማት አጠገቡ ነው የሚያልፈው፣ ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ብሎኛል። ቅዳሜ እኛ የድሮዎቹ የኪነት ልጆች ተሰብስበን አዳራሽ ውስጥ እንዘፍናለን። መጥተሽ ፎቶ አንሺኝ።"

"ያ ሁሉ ፎቶ አንሺ እያለ?"

"እነሱ መልኬን ያነሱኛል። አንቺ ድምፄን አንሺልኝ። ያሉኝ ፎቶዎች ሁሉ አፌን ገጥሜ የተነሳኋቸው ናቸው። ከእንግዲህ ባልዘፍን፣ ዘፋኝ ነበርኩ ብዬ ለልጅ ልጅ የማሳየው አንድ እንኳ የለኝም።"

እሺ አልኳት፤ አፏን ያስገጠምናት እኛው ነን። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሰላ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። ካሜራው በሦስት እግር የሚቆም ሣጥን ነው። እሱ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሲያይ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ቀኝ እጄን አነሳለሁ። እጄ ሲነሳ ፎቶ የሚነሳው ሰው አፉን ገጥሞ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሳወርድ ይተነፍሳል። ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ትንሽ የተነቃነቀ ሰው ደብዝዞ ነው የሚወጣው። የደበዘዘውን ባለቤቴ ቀዶ ይጥለዋል። የዚያን ጊዜ የአሰላ ሰው፣ ሙሽራው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም በእኔ እጅ ትንፋሹን ይዞ ያለፈ ነው። ዱርሲቱም እስከ ዛሬ ካሜራ ካየች ሐውልት ናት።

ሐሙስ

ልጄ የገዛልኝን ትንሽ ካሜራ በነጠላ ጠቅልዬ ጠዋት ከመናኸሪያ ተነሳሁ። አዋሽን ስንሻገር ሙቀቱ ገና አብሮን ነበር። ዴራን አልፈን ሽቅብ ስንል ነፋሱ መጣ። አዳማ ላይ ተሳፋሪ የሚጣላው መስኮት ክፈቱ ብሎ ነው፤ እዚህ ዝጉ ብሎ ነው።

ኢተያ ልንገባ ስንል ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ትርፉን ጎማ ቢያወርድ እሱም ተንፍሶ ኖሯል። "ትርፍ ያሉት ለዚህ ነው እንዴ?" አለ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የሚመስል ሰውዬ፣ ሁላችንም ሳቅን። እያዘገምን ጎሚስታ ቤት ደረስን። ጎሚስታው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ከበሩ ላይ አወጣልኝ። ፀሐይ ያለበት ቦታ መረጠልኝ፤ እኛ አገር ቢሆን ጥላ ነበር የሚመረጥልኝ። ሚስቱ የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣች። ማን ነሽ፣ የማን ነሽ ያለኝ የለም።

"እማማ፣ ወዴት ነው?" አለኝ ጎማውን በመዶሻ እየወቃ።

"አሰላ፣ ኮንሰርት።"

መዶሻው ቆመ። "እኔን ጎማ አስሮኝ እማማ ኮንሰርት ይሄዳሉ" አለ ለሚስቱ። ወዲያው ደግሞ ወደ ድብደባው ተመለሰ። እጄን ላፍታታ ብዬ እየሠራ ሳለ አንድ ፎቶ አነሳሁት። ፊቱ ደህና ወጥቷል፤ ክንዱና መዶሻው ግን ጭስ መስለዋል። አሳይቼው ወዲያው አጠፋሁት።

"ምነው አጠፉት?"

"ደብዝዟል ልጄ።"

"እየሠራሁ ነበር እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ያን ሰዓት ነገሩ ጆሮዬ አልገባም።

ጎንዴን አልፈን አሰላ ስንገባ ጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቦ ነበር። የዱርሲቱ ልጅ ሐዊ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መናኸሪያ መጥታ ጠበቀችኝ። ቦርሳዬን ነጥቃኝ ስታበቃ እኔንም ልትሸከመኝ ምንም አልቀራት።

ዱርሲቱ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች። "አካም ጅርታ ወርቄ" ብላ ሳመችኝና ራቅ አድርጋ አየችኝ። "አርጅተሻል።"

"አንቺ ደግሞ ሸምግለሻል።"

"ሽምግልና ይሻላል፣ ቢያንስ ያስታርቃል" አለች። ለራት ማርቃ ቀረበ፤ የገብስ ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ ቅቤ ቆሞበታል። አዳማ ብበላው ላብ ያሰጥመኝ ነበር። እዚህ ግን ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደርቤም እግሬ አልሞቅ አለ። ሻርፑን ስትፈታ አንገቷን አየሁት፤ የዶሮ እንቁላል የዋጠች ነው የምትመስለው። ስታወራ ድምፁ ይሻክራል። ድስቱን ስታጥብ በለሆሳስ ስታንጎራጉር ግን ያው የድሮው ነው፣ ውኃ ነው። ጋቢውን ፊቴ ላይ ስቤ አዳመጥኩ።

ዓርብ

"ልምምድ ያስፈልገናል" ብላ ታላቅ እህቷ ዘንድ ዲክሲስ ይዛኝ ሄደች። መንገዱ በገብስና በስንዴ መሃል ነው። ማሳው ከመኪናው መስኮት ይጀምርና ሰማዩ ላይ ያልቃል። በእኛ በኩል ሜዳው ሲያልቅ ተራራ ይታያል፤ እዚህ ተራራውም እየታረሰ ነው። ፈረሰኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመኪናው እኩል ይሄዳሉ። አንዱ ሹፌሩን በእጁ ሰላም ብሎት አልፎን ሄደ።

እህቷ ሰማንያ የሞላቸው ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን "ማን ቆጥሮት" ይላሉ። ጩኮ አቀረቡልን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ኢቲቱ የሚሉት እርጎ በማንኪያ የሚቆረጥ ነው። በቃኝ ስል እንዳልሰማ ያልፉኛል። ሆዴን ብመታላቸው "እሱ ከበሮ ነው፣ ገና ባዶ ነው" ብለው ጨመሩልኝ።

ከምሳ በኋላ ማሳው ዳር ወጣን። ዱርሲቱ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ጠፍቶ የቀረ ፈረስ የምትጠራበትን ዘፈኗን ጀመረች። ያን ዘፈን ድሮ በግድግዳ ማዶ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፈረሱን የምትጠራበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ሽቅብ ይወጣና እዚያው ላይ ይቆያል። እሱን ጠብቄ ካሜራውን ሳነሳ፣ ጭጭ። አፏ ተገጠመ፣ እጆቿ ጎኗ ላይ ወረዱ። አምስት ጊዜ ሞከርን፣ አምስቴም ያው ነው።

እህቷ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ "ዶሮ ናት፤ ጭልፊት ስታይ መች ትጮሃለች" አሉ።

ተሳሳቅን። ወዲያው ዝናብ ጀመረና ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ስንመለስ መኪና ውስጥ ዱርሲቱ ትከሻዬ ላይ ጣል ብላ፣ "ነገም እንዲህ ከሆንኩስ?" አለችኝ። ቀዶ ጥገናው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሌላ ቅዳሜ የለንም። "አትሆኚም" አልኳት፤ በምን እንዳወቅኩ ግን አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ

ኮንሰርቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት ብቻዬን ገበያው አጠገብ ሄድኩ። ፎቶ ቤታችን ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ባለ ሱቁ "ምን ልታዘዝ?" ሲለኝ ምንም እንዳልፈለግሁ ነገርኩት። "እንግዲያው ይቀመጡ" ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ግድግዳውን አየሁት። ፏፏቴ የተሳለበትን መጋረጃ የምንሰቅልበት ሜንጦ አሁንም አለ፤ ሰውዬው የቻርጀር ገመድ ሰቅሎበታል። መስኮቱም ያው ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ገብቶ እግሬ ሥር ደረሰ። መብራት ሳይገባልን በፊት በዚያ መስኮት ብቻ ነበር የምንሠራው። ባለቤቴ ደመና ሲያልፍ እንኳ "ቆይ፣ ይመለሳል" እያለ ሰው ያስጠብቅ ነበር። ከዚያ አመስግኜ ወጣሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ቀለማቸውን የሚቀያይሩት መብራቶች እንዲታዩ መስኮቱን ሁሉ በወፍራም መጋረጃ ጨለማ አድርገውታል። አስተናጋጆቹ እኔን ሲያዩ ከመድረኩ ሥር ለስላሳ ወንበር አመጡልኝ። "ከኋላ ይሻለኛል" ብል፣ "እናት ከኋላ አይቀመጥም" አሉኝ። ክብር ሆነና ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ግን የሚታየው የዱርሲቱ አገጭ ነው። ከአገጩ በላይ ማይክ፣ ከማይኩ በላይ ሁለት ዓይን። አፍ የሚባል የለም። ፍላሽ ሳበራ ደግሞ ፊቷ ሊጥ መሰለ።

አዘጋጆቹ ያመጡት ታምራት የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ሠርግ ያነሳል። አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ "እማማ፣ አይቆጡኝ፣ ፍላሹን ያጥፉት" አለኝ። "መድረኩ የራሱ ብርሃን አለው። ከፊት አይሆንም፣ ማይኩ ይሸፍንብዎታል። በጎን ይምጡ፣ ደረጃው ጋ። ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ እንዳይንቀጠቀጥ። ቀዩ መብራት ሲመጣ ይለፉት፣ ነጩን ይጠብቁ። ስትዘፍን ሳይሆን ሐረጉን ልትጨርስ ስትል ይጫኑ፤ ያኔ ማይኩን ከአፏ ታርቃለች።"

"መቼ እንደምትጨርስ በምን ታውቃለህ?"

"እሱ ነው ችግሩ። ኦሮምኛው አይገባኝም፣ ከጎንደር ነው የመጣሁት። ዘፈኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የማውቀው መብራቱን ነው።"

ክንዴን ይዞ ከክብር ወንበሬ አስነሳኝ። ደረጃው ዳር ቆምኩ። ከማዶ ያለው መብራት ግን ካሜራው ውስጥ ገብቶ አስቸገረኝ። ልከልለው ብዬ፣ ሌላ ምንም ሳላስብ፣ ቀኝ እጄን አነሳሁ።

ዱርሲቱ ዘፈኗን ከመሃል ቆርጣ አፏን ገጠመች። ቀጥ አለች። አኮርዲዮን የሚጫወተውን ሰውዬ በሠርጉ ቀን ያነሳነው እኛ ነን፤ እሱም አኮርዲዮኑን እንደዘረጋ ደረቀ። ከበሮ መቺው ልጅ እግር ስለሆነ ነገሩን አያውቅም፣ ብቻውን ሁለት ጊዜ መታና አፍሮ ተወው። ዞር ብል የፊት ረድፍ ሽማግሌዎች ደረታቸውን ነፍተው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኔን ያያሉ። አዳራሹ ጸጥ። ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው እርስ በእርስ ይተያያሉ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሳላስበው ወደ ግራዬ ዞርኩ። ጥቁሩን ጨርቅ ፈልጌ ነው። "ተነስቷል፣ አውርጂ" የሚለኝን ድምፅ ጠብቄ ነው። ማንም አልነበረም።

"ወርቄ፣ እጅሽን አውርጂ እንጂ" አለች ዱርሲቱ በማይኩ፣ በገጠመችው አፏ መሃል። "ሐኪም ሳይደርስብኝ አንቺ ልታፍኚኝ ነው?"

አወረድኩ። የፊት ረድፉ አንድ ላይ ኡፍ ብሎ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ሳቁ መጣ። አኮርዲዮኑ ራሱ እየሳቀ የሚጫወት መሰለኝ። ዱርሲቱ ግን ካሜራውን ረስታው ነበር፤ እኔው ራሴ አስታወስኳት። ከዚያ ወዲያ በሳቋ መሃል እንኳ ዓይኗ በየደቂቃው ወደ እኔ ይመጣል፣ ሲመጣም አፏ ይከደናል።

የመጨረሻው የፈረሱ ዘፈን ነበር። እንደ ጀመረች መብራት ሄደ። ማይኩ ሞተ፣ ቀለሙ ሁሉ ጠፋ፣ ሰው "አዬ" አለ። አንድ ሰው የጎኑን በር በርግዶ ከፈተው። የጭላሎ ብርድ ገባ፣ ከብርዱ ጋር የከሰዓት ብርሃን ገብቶ በአንድ ጎን መድረኩ ላይ ተኛ። ያን ብርሃን አወቅኩት። ከግራ ነው የመጣው።

ዱርሲቱ የሞተውን ማይክ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሻርፑን ከአንገቷ ፈታች። እኔ ያለሁበት ደረጃ ጨለማ ሆኗል፣ አታየኝም። በባዶ ድምፅ ቀጠለች። እኔ ሁለቱንም እጄን ካሜራው ላይ ጠመድኩ፤ ቀኙን አላምነውም። ታምራት ከኋላዬ፣ "አሁን እርስዎ ነዎት" አለኝ በሹክሹክታ።

አንደኛውን ሐረግ አሳለፍኩ። ሁለተኛውንም። ሽማግሌዎቹ ሳይነገራቸው በጭብጨባ ተቀበሏት። ፈረሱን ልትጠራ ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁና ተጫንኩ። ደጋግሜ ተጫንኩ፣ እዚያ ላይኛው ቦታ ላይ እስከ ቆየች ድረስ። ስትወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ የመጣው ሰው ወጥቶ ሊያልቅ ሲል ነው።

እሑድ

ጠዋት የሐዊ ኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቹን አየናቸው። ዱርሲቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ሐዊ ከኋላ ቆማ። ማይክ፣ አገጭ፣ ሊጥ ፊት። ከዚያ የተገጠመ አፍ በብዛት። በበሩ ብርሃን ያነሳኋቸው አራት ናቸው። ሦስቱ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ግን ትንፋሽ የምትስብበትና የጨረሰችበት ናቸው። አራተኛው ደብዝዟል። ብርሃኑ ትንሽ ስለነበር ካሜራው ዘግይቶ ነው የዘጋው፤ እሷ ደግሞ ተንቀሳቅሳለች። እጇ የጭስ መስመር ሆኗል። አፏ ተከፍቷል፣ ግን ጠርዙ የት እንደሆነ አይታወቅም። አንገቷ ከነእንቅርቱ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "ዋናው ቦታ ላይ ነው የተበላሸብኝ።" ላጠፋው ጣቴን ስዘረጋ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

"ይሄን ነው የምፈልገው።"

"ደብዝዟል እኮ። የእኛ ሰውዬ ቢሆን ቀዶ ነበር የሚጥለው።"

"ሦስቱ ላይ ዝም ብያለሁ ወርቄ" አለች፣ እጄን ሳትለቅ። "እዚህ ላይ እየጮህኩ ነው። ሐዊ፣ አይሰማሽም?"

ሐዊ ሻርፑን ከወንበሩ ላይ አንስታ የእናቷን አንገት ጠቀለለችላት። ያን ጊዜ ጎሚስታው "እየሠራሁ ነበር እኮ" ያለኝ ጆሮዬ ገባ።

ስሄድ ከዲክሲስ የመጣ ጩኮ በዕቃ ሞልተው ሰጡኝ። ሐዊ "አክስቴ፣ ሰባት ዓመት እንዳይሆንብዎ" አለችኝ። ዱርሲቱ መናኸሪያ ድረስ መጥታ፣ መኪናው እስኪሞላ በመስኮቱ እጄን ይዛ ቆመች። ብዙ አላወራችም። ድምፅ እየቆጠበች መሰለኝ። ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ ዴራ ላይ ተቀበለን፤ ጋቢዬን ገለጥኩ፣ ተሳፋሪውም መስኮት ክፈቱ ብሎ ተጣላ። ቤቴ መድረሴን በዚያ አወቅኩ።

አዳማ ላይ ፎቶ የሚያትመው ልጅ፣ "እማማ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል፣ ሌላ ይስጡኝ" አለኝ። "አንተ አትመው" አልኩት። ሁለት አሳተምኩ። አንዱን ለመንገደኛ ሰጥቼ ላኩላት፣ አንዱ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ከባለቤቴ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እሱ ጥርት ብሏል፣ እሷ ደብዝዛለች። ቢያየው ይስቅብኝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ትበላለች፣ ትንቀሳቀሳለች። ግን ሐኪሞቹ እስኪፈቅዱላት አንዲት ቃል እንዳትናገር ብለዋታል። ድምፁ ይመለስ አይመለስ ገና አልታወቀም። ትናንት ሐዊ ደውላ፣ "አክስቴ፣ እሷ መናገር አትችልም፣ እርስዎ ያናግሯት" ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ዕድሜዋን ሙሉ አፏን የማትዘጋው ሴት ዝም ስትልብኝ ፎቶውን አየሁት።

"ዱርሲቱ" አልኳት፣ "እጄን አንስቻለሁ። አፍሽን ግጠሚ፣ ትንፋሽሽን ያዢ። ሳወርድ ትለቂዋለሽ።"

በአፍንጫዋ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እስካሁን አላወረድኩም።